አሥራ ሰባት ቁጥር

ሰኔ ሲገባ አዛናው መጋዘኑን ይከፍታል፤
ቁልፉን በጥርሱ ነክሶ ሳንቃዎቹን ይቆጥራል።
አሉሚኒየም ናቸው፤ ቁመታቸው ሰው ያህላል፤
ጠርዛቸው ጎማ ለብሷል፣ ጎናቸው ቁጥር ይዟል።
ስምንት ወር ግድግዳ ተደግፈው የሚተኙ፣
ክረምት ሲመጣ ግን ቀሃ ዳር ዘብ ሆነው የሚገኙ።

«ግንብማ ሞልቶናል» ይላል፣ «ዳገቱ ላይ ቆሟል፤
ነገሥታቱ ያነጹት መች አነሰን? ተርፎናል።
ይኼ ግን ጃንጥላ ነው፤ ሲዘንብ ይዘረጋል፣
ሲያባራ ይታጠፋል።
ደግሞስ ወንዙን በበጋ ማን አጥሮ ያስረዋል?
ልብስ የምታጥብ አለች፤ በቅሎ የሚያጠጣም አለ፤
ዘላለም የታጠረ ወንዝ…» ብሎ ዝም አለ።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ፤ ሱቄ ከድልድዩ ሥር፣
በጥሩሰው ጨው ቤትና በቢተው ወፍጮ መሀል ያለው በር።
ባለፈው ጥር
ሠርግ ሲደራረብብኝ፣ መቁረጫ ጠረጴዛዬ ሲያጥር፣
መጋዘኑ ገርበብ ብሎ አየሁት፤ መሽቶ ነበር።
አንዷን ይዤ ወጣሁ። አሥራ ሰባት ቁጥር።

መዋስ ነው አልኩ ለራሴ፤
የሚዋስ ሰው በጨለማ አይሄድም፣ ይህን ታውቃለች ነፍሴ።

ለጥ ያለች ሳንቃ! መቀስ ሲሄድባት አትንገዳገድም፣
እንደ እንጨቱ ጠረጴዛ ክር ይዛ አታስቀርም።
የሚዜ ሱሪ ቆረጥኩባት፣ የአማት ካባ፤
ካውያዬን ጠርዟ ላይ ባሳርፍ ጎማው ሸተተ።
«ምን አለበት» አልኩ። ጥር ወጣ፣ የካቲት ገባ፤
ነገ እመልሳታለሁ ስል በጋው ተከተተ።

ሰኔ ላይ፣ ከግድግዳው ወዲያ፣ ሲቆጥር ሰማሁት፦
«አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት። አሥራ ስምንት…»
ቆመ።
ከአንድ ደግሞ ጀመረ።
የመኪናዬን ፔዳል እግሬ ረስቶት ቀረ።
እንደገና አሥራ ስድስት፤ እንደገና ቆመ።
ወጥቶ «እኔ ነኝ» ማለት ስንት ቃል ነው? ሁለት።
ሁለቱን ቃል አጣሁት።
በጎደለችው ፈንታ በማዳበሪያ ከረጢት
አፈር ሞልቶ ደረደረ፤ ማንንም አልጠየቀም፣ ወይም እኔ አልሰማሁት።

ሐምሌ ነው። ለመስከረም የተማሪ ዩኒፎርም ተከምሮብኛል።
አንድ ማታ እኔ እሰፋለሁ፣ ቀሃም ይሰፋል።
እኔ በክር፣ እሱ በጎርፍ፤
እኔ ዳር ስዘመዝም፣ እሱ ዳሩን ሲያልፍ።
ከመርፌ ዓይን ቀና ስል ፊሽካ ሰማሁ፤ የአዛናው ፊሽካ።
ከረጢቱ ተንዷል ለካ!

ልብሱን በክንዴ ጠርጌ ጣልኩት። ሳንቃዋን በአናቴ
ተሸክሜ ወጣሁ፤ ውኃው ደርሷል ጉልበቴ።
ቢተው ወፍጮውን ትቶ ምሰሶ አቅፎ ቆሟል፤
ጥሩሰው ጨዋን ወደ ቆጥ እየወረወረች ትሳደባለች፤ ማንን እንደሆነ እግዜር ያውቃል።
አዛናው ክፍተቱ ላይ፣ ጀርባውን ለወንዙ ሰጥቶ፣
በባትሪው ቁጥሯን አየ። ከዚያ እኔን አየ፣ ባትሪውን አጥፍቶ።
«ያዝ» አለኝ። «በዚያ በኩል። ቀና አድርግ። ልቀቅ።»
ገባች። ጥርቅ።

ነገር ግን ጎማው በተቃጠለበት፣ በካውያዬ ምልክት፣
ውኃ እንደ ክር ቀጥኖ ወጣ፤ ሄደ፣ ቀጥ ብሎ፣ ወደ እኔ ቤት።
የሰው ቤት አልፈለገም።
አውራ ጣቴን ወትፌ ቆምኩ፤ ሲደነዝዝ
ወተፍኩበት ያላለቀ የአንድ ልጅ ሸሚዝ።
ሲነጋ ጨው ደረቅ ነው፤ ዱቄት ደረቅ ነው።
የእኔ ወለል ላይ ግን ባዶ የክር ማጠንጠኛ ይቀዝፋል።

መስከረም፣ ደመራው በተቃጠለ በሳምንቱ፣ ሳንቃዎቹ ወጡ።
አዛናው አጠባቸው፣ ፀሐይ ላይ አሰጣቸው፤ ልጆች ላያቸው ላይ ተቀመጡ።
አሥራ ሰባትን ይዞ ሱቄ በር ላይ መጣ።
ሊናገረኝ ነው ብዬ ላቤ ወጣ።
የተቃጠለውን በጣቱ ዳበሰና «ስፋልኝ» አለ፤
ሌላ ነገር የለ።
የጎማ ቁራጭ ለጥፌ፣ በወስፌና በጅማት ሰፋሁለት፤
ለሙሽራ እንኳ እንዲያ አጥብቄ የሰፋሁበት የለም ዕለት።

አሁን ሰኔ ሲገባ፣ መጋዘኑን ሲከፍት፣
ከግድግዳው ወዲያ ይቆጥራል፤ «አሥራ አምስት። አሥራ ስድስት።»
አሥራ ሰባት ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እሰማለሁ፤
መኪናዬን አቁሜ
«አቤት» እላለሁ።